የነርሲንግ ዶክትሬት ምን ያስጠይቃል? ኮርሶቹ፣ ፈተናው እና የመመረቂያው ጥያቄ

የሌሊት ተረኛ፦

ጤና ይስጥልኝ፣ የሙያ ባልደረቦቼ። ነርስ ሆኜ ማገልገል ከጀመርኩ 11 ዓመት፣ በአዋቂዎች ጤና ነርሲንግ ሁለተኛ ዲግሪዬን ከያዝኩ ደግሞ 4 ዓመት ሆኖኛል። የምሠራው በቀዶ ሕክምና ክፍል ሲሆን አብዛኛው ተራዬ ሌሊት ነው። ሦስተኛ ዲግሪ ለመማር ካሰብኩ ቆይቻለሁ፤ የተለያዩ ዩኒቨርሲቲዎችን ማስታወቂያ ባነበብኩ ቁጥር ግን ግራ መጋባቴ እየጨመረ ሄደ። አንዱ ፒኤችዲ ሲል ሌላው የነርሲንግ ተግባር ዶክትሬት ይላል፤ አንዱ የሁለት ዓመት ኮርስ ሲዘረዝር ሌላው ስለ ኮርስ ምንም ሳያነሳ የምርምር ሐሳብና ፈቃደኛ አማካሪ ይዞ መምጣትን ብቻ ይጠይቃል።

ለመማር የገፋፋኝን ጉዳይ ብነግራችሁ ምክራችሁ መሬት የያዘ ይሆናል ብዬ አምናለሁ። ቀዶ ሕክምና የተደረገለትን ሰው ሌሊት ላይ የሕመሙን መጠን ከ0 እስከ 10 ባለው መለኪያ ስንጠይቀው «ሁለት» ወይም «ሦስት» ይለናል፤ እኛም መዝግበን እናልፋለን። ሲነጋ ያው ሰው ለጠያቂዎቹ «ዓይኔን ሳልከድን ነው ያደርኩት» ሲል እሰማዋለሁ። ለምን እንዳልነገረኝ ጠጋ ብዬ ስጠይቀው መልሱ ብዙ ጊዜ አንድ ቃል ነው፦ «ቻልኩት»። ታማሚዎች ሌሊት ሕመማቸውን ለምን እንደማይናገሩ ማወቅ እፈልጋለሁ። ይህ የዶክትሬት ጥያቄ ይሁን ወይስ በክፍላችን ስብሰባ የሚፈታ የአሠራር ጉድለት፣ መለየት አቅቶኛል።

የትኛው ዓይነት ዶክትሬት ይስማማኛል? በኮርሶቹ ውስጥ በእርግጥ የሚሠራው ምንድን ነው? ስታትስቲክስ ከተማርኩ ስለቆየሁ እርሱም ያሳስበኛል። በመንገዱ ያለፋችሁ ብትመክሩኝ ትልቅ ውለታ ነው።

አማካሪ ነርስ፦

እህቴ፣ ጥያቄዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ላለፉት በርካታ ዓመታት የዶክትሬት ተማሪዎችን ሳማክር ቆይቻለሁ፤ ከተማሪዎቼ መካከል እንዲህ ያለ ነገር ይዘው የመጡት ጥቂቶች ናቸው። አብዛኞቹ ዲግሪውን ከመረጡ በኋላ ነው ጥያቄ ፍለጋ የሚወጡት።

ስለ ሁለቱ ዓይነቶች ልጀምር። ፒኤችዲ የምርምር ዲግሪ ነው፤ የሚጠይቀው ቀድሞ ያልታወቀ ነገር እንዲታወቅ ማድረግን ነው። የነርሲንግ ተግባር ዶክትሬት፣ በተለምዶ ዲኤንፒ የሚባለው፣ የሙያ አሠራር ዲግሪ ሲሆን የሚጠይቀው የታወቀው ነገር በሥራ ቦታ እንዲውል ማድረግንና መዋሉን በማስረጃ ማሳየትን ነው። ነርሶች ለረጅም ጊዜ ዶክትሬታቸውን የሚይዙት በሌሎች የትምህርት ዘርፎች ነበር፤ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ቲቸርስ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1924 የተጀመረው የነርስ መምህራን ዶክትሬት እንኳ የትምህርት ዲግሪ ነበር። ዲኤንፒ ከዚህ ሁሉ በኋላ የመጣ ነው። የአሜሪካ የነርሲንግ ኮሌጆች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2004 ለከፍተኛ ክሊኒካዊ ሙያ የሚያበቃው ዲግሪ ዶክትሬት እንዲሆን አቋም ወሰደ፤ በ2006 ደግሞ የዚህን ዲግሪ ስምንት መሠረታዊ ይዘቶች አወጣ። ዲኤንፒ የሚለውን ስም የሚያገኙት በአብዛኛው ይህን ሥርዓት በተከተሉ ተቋማት ሲሆን በሌሎች አገሮች ተመሳሳይ ዓላማ ያላቸው የሙያ ዶክትሬቶች በሌላ ስም ይሰጣሉ።

አሁን የእርስዎን ጉዳይ በሁለቱ ሚዛን ላይ ላስቀምጠው። «ሌሊት ሕመምን በየሁለት ሰዓቱ የመጠየቅ አሠራር በክፍላችን ቢተከል የታማሚው እንቅልፍና እፎይታ ይሻሻላል ወይ» ብለው ቢጠይቁ ይህ የተግባር ዶክትሬት ፕሮጀክት ነው። «ሰው ሌሊት ሕመሙን የሚይዘው ምን አስቦ ነው፣ ዝምታውስ ምን ማለት ነው» ብለው ቢጠይቁ ደግሞ የፒኤችዲ ጥያቄ ነው። ከሁለቱ አንዱ ከሌላው አይበልጥም። አንዱን ይዞ ወደ ሌላኛው ፕሮግራም መግባት ግን ለዓመታት የሚዘልቅ መጋጨት ያመጣል፤ የምርምር አማካሪው «አዲሱ እውቀት የታል» ሲል ተማሪዋ «ክፍሉ እኮ ተሻሻለ» ትላለች።

ኮርስ ያለበትና የሌለበት የሚለው ልዩነት ደግሞ ከሥርዓቱ የሚመነጭ ነው። በሰሜን አሜሪካ ዘይቤ በተቀረጹ ፕሮግራሞች መጀመሪያ ኮርስ ይወሰዳል፤ ከዚያ አጠቃላይ ፈተና፣ ከዚያ የምርምር ሐሳብን ማስጸደቅ፣ በመጨረሻም ጥናቱና የመመረቂያው ጽሑፍ ይከተላሉ። በብሪታንያና በብዙ የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በምርምሩ ላይ ነው፤ የሚጎድለውን ሥልጠና እየለየ ይወስዳል። የቦሎኛ ሒደት የሚባለውን የአውሮፓ ከፍተኛ ትምህርት የጋራ ሥርዓት የሚከተሉ አገሮች እ.ኤ.አ. በ2005 እንደተስማሙት የሦስተኛው እርከን፣ ማለትም የዶክትሬት፣ መደበኛ ጊዜ በሙሉ ሰዓት ከ3 እስከ 4 ዓመት ነው። በኖርዲክ አገሮች ደግሞ የታተሙ ወይም ለኅትመት የቀረቡ ጽሑፎችን አሰባስቦ በአንድ ማጠቃለያ አያይዞ ማቅረብ የተለመደ ነው። ስለዚህ ማስታወቂያው ስለ ኮርስ ዝም ማለቱ ኮርሱ የሚሰጠው እውቀት አያስፈልግም ማለት አይደለም፤ ያን እውቀት በራስዎ ኃላፊነት ያገኙታል ማለት ነው።

ከክፍል ኃላፊነት የመጣሁ፦

እኔ የተግባር ዶክትሬቱን ጨርሻለሁና ከዚያ በኩል ያለውን ልንገርዎት። የወሰድኳቸው ኮርሶች የማስረጃ ግምገማ፣ የኅብረተሰብ ጤናና ኤፒዲሚዮሎጂ፣ የጤና መረጃ ሥርዓት፣ የድርጅት አመራር፣ የጤና ፋይናንስ፣ ፖሊሲ እና የጥራት ማሻሻያ ዘዴዎች ነበሩ። ከኮርሱ ጎን ለጎን የተግባር ሰዓት አለ፤ ከላይ የተጠቀሰው፣ እ.ኤ.አ. በ2021 በአዲስ የተተካው የ2006 ሰነድ ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ ቢያንስ 1,000 ሰዓት ይጠይቅ ነበር፤ በሁለተኛ ዲግሪ ጊዜ የተሠራና ማረጋገጫ ያለው ሰዓትም ሊቆጠር ይችል ነበር። የሁለተኛ ዲግሪዎን የተግባር ሰዓት የሚመሰክር ደብዳቤ ዛሬውኑ እንዲያወጡ እመክራለሁ፤ ዓመታት ካለፉ በኋላ መዝገቡን ማግኘት አድካሚ ነው።

ፕሮጀክቴ የአልጋ ቁስልን መቀነስ ላይ ነበር። አዲስ ነገር አላገኘሁም፤ ማግኘትም አልነበረብኝም። የብራደን መለኪያ ለረጅም ዓመታት የታወቀ ነው፤ ስድስት ዘርፎች አሉት፤ ድምሩ ከ6 እስከ 23 ሲሆን ዝቅ ባለ ቁጥር ለቁስል ያለው ስጋት ከፍ ይላል። በክፍላችን ቅጹ ይሞላ ነበር፤ ውጤቱ ግን ታማሚውን ማገላበጥን አያስከትልም ነበር። ሥራዬ በቁጥሩና በእጁ መካከል ያለውን ክፍተት መዝጋት ነበር። በትንሹ አቅዶ መሞከር፣ ውጤቱን ማየት፣ አስተካክሎ እንደገና መሞከር የሚለውን ዑደት አራት ጊዜ ዞርኩት። የመጀመሪያው ዙር ሙሉ በሙሉ ከሸፈ፤ የማገላበጫ ሰሌዳውን ከአልጋው ራስጌ ሰቅዬው ስለነበር የአልጋ ልብስ የሚቀይሩት ሠራተኞች ለጽዳት እያነሱት ሲሄዱ የሚመልሰው አልነበረም። ያን የተረዳሁት ሌሊት ላይ ቆሜ በማየት ነው፤ በየትኛውም ጽሑፍ ውስጥ አላገኘሁትም። በመጨረሻ ጽሑፉን ያዘጋጀሁት ስኳየር በተባለው የጥራት ማሻሻያ ሥራዎች አቀራረብ መመሪያ ነው፤ ይህ መመሪያ በምን ዓይነት ክፍልና ሁኔታ እንደሠራሁ በዝርዝር እንድጽፍ አስገድዶኛል፤ አስፈላጊም ነበር።

እህቴ፣ በጥያቄዎ ውስጥ «ለምን» የሚለው ቃል በጣም ጎልቶ ይታየኛል። የእኔ ጥያቄ «እንዴት እናድርገው» የሚል ነበር።

የሌሊት ተረኛ፦

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። «ለምን» የሚለው ቃል መጉላቱን እስካሁን ልብ አላልኩትም ነበር። እንግዲያው ወደ ፒኤችዲ ማዘንበሌ ነው። ቢሆንም ሦስት ነገሮች ያሳስቡኛል። የመጀመሪያው፣ በኮርሶቹ ዝርዝር ላይ የሳይንስ ፍልስፍና፣ የነርሲንግ እውቀት አመሠራረት፣ የንድፈ ሐሳብ ግንባታ የሚሉ ርእሶች አያለሁ፤ እነዚህ ከአልጋ አጠገብ ላለ ሰው ምን ይጨምራሉ? ሁለተኛው ስታትስቲክሱ ነው። ሦስተኛው ደግሞ አጠቃላይ ፈተናው ምን እንደሚመስል አለማወቄ ነው።

ሁለተኛ ዓመት ተማሪ፦

ስለ ንድፈ ሐሳብ ኮርሶቹ በግልጽ ልናገር። የአንድ ሙሉ መንፈቅ ጊዜዬ ባክኗል ብዬ አምናለሁ። የነርሲንግ ንድፈ ሐሳብ አመንጪዎች የሆኑትን የኦረምን የራስ እንክብካቤ፣ የሮይን መላመድ፣ የመለይስን የሽግግር ንድፈ ሐሳብ እየተነተንን፣ የእያንዳንዱን ጽንሰ ሐሳብ ፍቺ እያነጻጸርን ከረምን። በዚያው ጊዜ የመረጃ ትንተና ሶፍትዌር በሚገባ ብማር ኖሮ ዛሬ ጥናቴ በተሻለ ደረጃ ላይ በሆነ ነበር። ፕሮግራሞች ይህን ኮርስ የሚያስተምሩት ሙያው ራሱን የቻለ ሳይንስ መሆኑን ለሌሎች ለማሳየት እንጂ ለተማሪው ጥቅም አይመስለኝም።

አማካሪ ነርስ፦

ወንድሜ፣ የተማሩት በዚያ መልክ ከሆነ ቅሬታዎ ትክክል ነው። ንድፈ ሐሳብን እንደ ቅርስ ማስጎብኘት ተማሪን ያደክማል። ኮርሱ የሚያስፈልግበትን ምክንያት ግን በእህታችን ጥያቄ ላይ ላሳይዎት፤ ከሌላ ቦታ ምሳሌ ከማምጣት ይሻላል።

በነርሲንግ ውስጥ ስለ ሕመም የምናስተምረው ትምህርት በአብዛኛው የቆመው ነርሷ ማርጎ ማካፈሪ እ.ኤ.አ. በ1968 ባቀረበችው ሐሳብ ላይ ነው፤ ሕመም ማለት ታማሚው ሕመም ነው የሚለው ነው፣ ታማሚው «አለ» ባለ ጊዜም አለ። ይህ ሐሳብ ብዙ ሰው አድኗል። ከዚያ በፊት ሐኪሙና ነርሱ «ይህን ያህል ሊያምህ አይችልም» እያሉ ይከራከሩ ነበርና የታማሚውን ቃል ከክርክሩ በላይ አደረገው። ከ0 እስከ 10 ያለውን መለኪያ በሙሉ እምነት የምንጠቀመውም በዚሁ መንፈስ ነው። እንግዲህ የእህታችን ታማሚ ሌሊት «ሁለት» ብሎ ጠዋት «ዓይኔን ሳልከድን አደርኩ» ሲል ይህ ፍቺ የቱን ቃል እንመን ይላል? ሁለቱም የታማሚው ቃል ናቸው። የዓለም አቀፉ የሕመም ጥናት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1979 ያወጣውን ፍቺ በ2020 ሲያሻሽል በቃል መግለጽ ሕመምን ከሚገልጹ በርካታ መንገዶች አንዱ ብቻ መሆኑን በማስታወሻው አስፍሯል፤ የማስታወሻው ዋና ትኩረት ግን መናገር የማይችለው ሰው ነው። መናገር እየቻለ አሳንሶ የሚናገረው የት ይገባል? በንድፈ ሐሳቡ ውስጥ ያለው ቀዳዳ ይህ ነው። ቀዳዳውን ለማየት ደግሞ መለኪያው በየትኛው ፍቺ ላይ እንደቆመ፣ ፍቺውም ምን ግምት እንደያዘ መጠየቅን መልመድ ይገባል። ኮርሱ የሚያስተምረው ይህን ነው፤ ወይም ሊያስተምር የሚገባው ይህን ነው።

ባርባራ ካርፐር እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተመችው ጽሑፍ የነርስን እውቀት በአራት ከፍላዋለች፦ በምርምር የሚረጋገጠው፣ የሥነ ምግባሩ፣ የግል ግንኙነቱና የጥበቡ እውቀት። የሌሊት ተረኛዋ የታማሚውን «ሁለት» ሰምታ ልቧ ያልተቀበለው በየትኛው እውቀት ነው? በመዝገቡ ላይ ያለው ቁጥር ትክክል እንዳልሆነ ያወቀችው ቁጥር ሳይኖራት ነው። ይህን በቃል መግለጽ ካልቻለች የፈተና ቦርዱ ፊት «ተሰምቶኝ ነው» ከማለት ውጭ መልስ አይኖራትም።

ስለ አጠቃላይ ፈተናው አጭር መልስ ልስጥ። በብዙ ቦታ በጽሑፍና በቃል ይሰጣል፤ የጽሑፉ ክፍል ጥያቄ ተሰጥቶ ለቀናት ወይም ለሳምንታት እቤት የሚሠራ ሊሆን ይችላል። ያለፈ ሰው ከተማሪነት ወደ ዶክትሬት ዕጩነት ይሸጋገራል። የሚፈተነው የተሸመደደ ነገር አይደለም፤ በንድፈ ሐሳብ፣ በምርምር ዘዴና በራስዎ ርእስ ላይ የተማሩትን አዋሕደው መከራከር መቻልዎ ነው።

ቁጥር አንባቢ፦

ስታትስቲክሱን ለእኔ ተዉልኝ፤ በነርስነት ሰባት ዓመት ከሠራሁ በኋላ በዚህ ዘርፍ ጠልቄያለሁና ፍርሃቱን አውቀዋለሁ። እህቴ፣ በሁለተኛ ዲግሪ ጊዜ የተማሩት ምናልባት ሁለት ቡድኖችን ማወዳደርና የግንኙነት ስሌት ነው። በዶክትሬት የሚጨመረው ዋናው ነገር የቀመር ብዛት ሳይሆን መረጃው እንዴት እንደተፈጠረ ማሰብ ነው።

በራስዎ ክፍል እንየው። 40 ታማሚዎችን ወስደው የእያንዳንዱን የሕመም መጠን ስድስት ጊዜ ቢመዘግቡ 240 ቁጥር ያገኛሉ። እነዚህን እንደ 240 ሰዎች ቆጥሮ የቀኑን ከሌሊቱ ማወዳደር ከባድ ስሕተት ነው፤ የአንድ ሰው ስድስት መልሶች እርስ በርስ ይመሳሰላሉና ያለዎት እውነተኛ መረጃ ከሚመስለው በጣም ያንሳል፤ ስሌቱ ግን እርግጠኛ እንደሆኑ አድርጎ ይነግርዎታል። ለዚህ ነው የተደጋጋሚ ልኬትና የባለብዙ ደረጃ ትንተና ኮርሶች የሚሰጡት። ልኬቱ በሰው ውስጥ፣ ሰው በክፍል ውስጥ፣ ክፍል በሆስፒታል ውስጥ ይገኛል። ሊንዳ ኤከንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2002 ያሳተሙት የታወቀ ጥናት በፔንስልቬንያ 168 ሆስፒታሎችን አጥንቶ በአንዲት ነርስ ላይ አንድ ታማሚ በተጨመረ ቁጥር በ30 ቀን ውስጥ የመሞት ዕድል በ7 በመቶ ከፍ ከማለት ጋር እንደሚያያዝ አሳይቷል። ጥናቱ ክብደት ያገኘው በመረጃው ብዛት ብቻ አይደለም፤ በአንድ ሆስፒታል ያሉ ታማሚዎች እንደሚመሳሰሉ በስሌቱ ውስጥ ስላስገባ ጭምር ነው። ለእርስዎም ቢሆን በዚያ ሌሊት ስንት ነርስ ለስንት ታማሚ እንደነበረ መመዝገብ ግድ ነው። ታማሚው «እናንተም ደክሟችኋል» ብሎ ዝም የሚል ከሆነ የነርሱ ቁጥር የዝምታው አንዱ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ጉዳይ የናሙና መጠን ነው። ሁለት ቡድኖችን ለማወዳደር፣ መካከለኛ የሚባለውን ልዩነት ማለትም ግማሽ መደበኛ ልይይት (ውጤቶች ከአማካዩ የሚራራቁበት መጠን) የሚያህለውን፣ ልዩነት ሳይኖር አለ የማለት ስሕተትን በ5 በመቶ ገድቦ፣ ልዩነቱ ካለም በ80 በመቶ ዕድል ለማየት በእያንዳንዱ ቡድን 64 ሰው ያስፈልጋል። ከአምስቱ አንዱ ያቋርጣል ብለው ካሰቡ በጠቅላላው 128 የነበረው 160 ይሆናል። ይህን ስሌት የምርምር ሐሳቡን ሳይጽፉ ይሥሩት፤ ብዙ ተማሪ ፈቃድ ካገኘ በኋላ ነው በክፍሉ ውስጥ ያን ያህል ታማሚ በዓመት እንደማይገባ የሚደርስበት።

ሦስተኛው፣ እኔን በጣም የሚያሳስበኝ፣ የጎደለው መረጃ ነው። ሌሊት ላይ በመዝገቡ ቁጥር የሌለበት ቦታ ምን ተጽፏል? «ተኝቷል» የሚል ይመስለኛል። ዓይኑን የጨፈነ ሁሉ ተኝቷል ማለት ግን አይደለም። ቁጥር የጠፋው በዘፈቀደ ካልሆነ፣ ማለትም ሕመሙን ይዘው የተኙ የመሰሉት ሰዎች በተለይ ከተዘለሉ፣ የሌሊቱ አማካይ በሐሰት ዝቅ ይላል። ይህን የትኛውም ሶፍትዌር አይነግርዎትም። እርስዎ ግን ሌሊት ተረኛ ስለሆኑ ከእኔ በፊት ያውቁታል፤ ስለዚህ ስታትስቲክሱን ከባዶ እንደሚጀምሩት አይቁጠሩት።

ከመመረቂያው በቀር የጨረሰው፦

ስለ ኮርስ ሲነሳ ዝም ማለት አልቻልኩም። ዘጠኙንም ኮርሶች በጥሩ ውጤት ጨርሼ፣ አጠቃላይ ፈተናውን አልፌ፣ ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ተኩል በምርምር ሐሳቡ ላይ ቆየሁና ወጣሁ። ኮርስ እያለ በየሳምንቱ የሚያነቡት፣ የሚያስረክቡት፣ አብሮዎት የሚማር ሰው አለ። ኮርሱ ሲያልቅ ይህ ሁሉ በአንድ ቀን ይቆማል፤ የሚጠብቅዎት ሰው ስለማይኖር ከሥራ ተራና ከቤት ኃላፊነት ጋር ሲጋጭ የሚሸነፈው ሁልጊዜ ጽሑፉ ነው።

የእኔ ስሕተት የጀመረው ግን ከመግባቴ በፊት ነው። ርእሴ የአረጋውያን የመድኃኒት አወሳሰድ ሲሆን የተመደበልኝ አማካሪ የሕፃናት ነርሲንግ ሰው ነበሩ። ደግ ሰው ናቸው፤ ርእሱን ግን እንደ እኔው ነበር የሚማሩት። በሁለተኛው ዓመት ሌላ ቦታ ሥራ ይዘው ሲሄዱ የተተኩት አማካሪ የጥናቱን ዘዴ ከመሠረቱ እንድቀይር ጠየቁኝ። የላክሁት ጽሑፍ አራት ወር ሳይነበብ የቆየበት ጊዜ ነበር። እህቴ፣ ከመመዝገብዎ በፊት አማካሪ ሊሆኑ የሚችሉትን ሰው በርእስዎ ላይ ምን እንዳሳተሙ ያንብቡ፤ ስንት ተማሪ አስመርቀው ስንቱ እንዳቋረጠ፣ የተላከላቸውን ጽሑፍ በምን ያህል ጊዜ እንደሚመልሱ፣ ቢሄዱ ማን እንደሚተካቸው በአክብሮት ይጠይቁ። እነዚህን ጥያቄዎች መጠየቅ ነውር መስሎኝ ነበር።

አሁን በሌላ ተቋም እንደገና ጀምሬያለሁ። ከዘጠኙ ኮርሶች የተቆጠሩልኝ አራቱ ብቻ ናቸው፤ በብዙ ቦታ ኮርስ የሚቆጠርበት የዓመት ገደብ እንዳለው ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ሥነ ምግባር ገምጋሚ፦

የምርምር ሥነ ምግባር ኮርስ በአብዛኛው ፕሮግራም ውስጥ አለ፤ ብዙ ተማሪ የአንድ ቀን ሥልጠናና የምስክር ወረቀት አድርጎ ያልፈዋል። በዚህ ጥናት ላይ ግን ከሁሉም ቀድሞ የሚነሳው እርሱ ነው፤ እንደ ገምጋሚ የምጠይቃቸውን ልንገርዎት።

ታማሚው ሕመሙን ዝቅ አድርጎ ሲናገር እርስዎ ቆመው ያጠናሉ እንበል። ትክክለኛው ሕመሙ ከፍተኛ መሆኑን በቃለ መጠይቁ መካከል ካወቁ ምን ያደርጋሉ? ጥናቱ እንዳይዛባ ብለው ይጠብቃሉ? በአሜሪካ በታስኪጊ ከ1932 እስከ 1972 እ.ኤ.አ. በተካሄደው ጥናት 399 ቂጥኝ የያዛቸው ጥቁር ወንዶች የበሽታው አካሄድ እንዲታይ ተብሎ ሳይታከሙ ቆይተዋል፤ ፔኒሲሊን የታወቀ መድኃኒት ከሆነ በኋላም ጭምር። ለረጅም ዓመታት ከሰዎቹ ጋር በቅርብ የምትገናኘውና እምነታቸውን ያገኘችው ዩኒስ ሪቨርስ የምትባል ነርስ ነበረች። ይህን ታሪክ ለነርስ ተማሪዎች ሁልጊዜ የማነሳው እምነት በጥናት ውስጥ ምን ያህል ኃይል እንዳለው ስለሚያሳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው የቤልሞንት ሪፖርት ሰውን ማክበር፣ በጎ ማድረግና ፍትሕ የሚሉትን ሦስት መርሆች ያስቀመጠው ይህ ጥናት ከተጋለጠ በኋላ ነው።

ስለዚህ በምርምር ሐሳብዎ ውስጥ ሕመሙ ከተወሰነ ቁጥር ካለፈ ቃለ መጠይቁ ወዲያው እንደሚቆምና ተረኛው ቡድን እንደሚጠራ አስቀድሞ መጻፍ አለበት። በተጨማሪ ታማሚው የምትንከባከበውን ነርስ «አልሳተፍም» ማለት ይከብደዋልና ፈቃድ የሚጠይቀው ሌላ ሰው ቢሆን፣ ጥናቱም እርስዎ በማይሠሩበት ክፍል ቢደረግ ይመረጣል። የባልደረቦችዎ የመዝገብ አያያዝም መጋለጡ ስለማይቀር እነርሱንም የሚጠብቅ አሠራር ያስፈልጋል። አንድ ነገር ልጨምር፦ ፈቃድ ሳያገኙ ከዛሬ ሌሊት ጀምሮ መዝገብ ማገላበጥና ማስታወሻ መያዝ እንዳይጀምሩ። እንዲህ የተሰበሰበ መረጃ በኋላ ለጥናት አይውልም።

የሌሊት ተረኛ፦

የመጨረሻው ማሳሰቢያ በጊዜው ደረሰልኝ፤ ባለፈው ሳምንት «ተኝቷል» የሚሉትን መዝገቦች ልቆጥር አስቤ ነበር። አልጀመርኩም፤ አልጀምርምም።

በእነዚህ ቀናት የሠራሁትን ላካፍላችሁ። የተግባር ሰዓት ደብዳቤውን፣ ባያስፈልገኝም እንኳ፣ አውጥቻለሁ። በሕመም ዙሪያ ከጻፉ ሦስት ተመራማሪዎች ሥራዎች እያንዳንዳቸውን ሁለት ሁለት አነበብኩ፤ አንደኛዋ የዓይነታዊ ምርምር (ከቁጥር ይልቅ በሰዎች ቃል ላይ የሚያተኩር ጥናት) ሰው ስትሆን ከሌሎቹ ይልቅ የእርሷ ጽሑፍ ወደ እኔ ክፍል የቀረበ ሆኖ አገኘሁት። ልጽፍላት ነው፤ ከላይ የተጠቆሙትን አራት ጥያቄዎችም አካትቼ። ጥናቱን በሁለት ክፍል ለማድረግ አስባለሁ፤ በመጀመሪያ በቃለ መጠይቅ ዝምታውን መረዳት፣ ቀጥሎም የሌሊቱንና የቀኑን ልኬት ከነርስ ቁጥር ጋር ማየት። ጥያቄዬንም እንዲህ ጻፍኩት፦ «ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው አዋቂ ታማሚዎች ሌሊት ላይ ሕመማቸውን ለነርስ የማይናገሩት ለምንድን ነው?» እርምት ካላችሁ እባካችሁ።

አማካሪ ነርስ፦

ሁለት እርምት አለኝ። የመጀመሪያው ስለ ስፋቱ ነው፤ ሁለቱም ክፍሎች በአንድ ዶክትሬት ሊሠሩ ይችላሉ፤ ሆኖም ሁለተኛው የሚለካው በመጀመሪያው ከተገኘው ነገር ተነስቶ ካልሆነ ሁለት የተለያዩ ጥናቶች ይሆኑብዎታል። የመጀመሪያው ክፍል ብቻውን ለዶክትሬት የሚበቃ መሆኑንም ለአማካሪዎ ሲጽፉ ያስታውሱ።

ሁለተኛው «የማይናገሩት» በሚለው ቃል ላይ ነው። በመጀመሪያው መልእክትዎ ታማሚው የሰጠዎትን መልስ እንደገና ያንብቡት። «ቻልኩት» ብሏል። ያልታመመ ሰው ምን ይችላል? ይህ ቃል ራሱ የሕመም ንግግር ነው፤ ቁጥር ስላልሆነ ግን በቅጹ ላይ ቦታ አላገኘም። ዝም ያለው ታማሚው ይሁን ወይስ ቅጹ፣ ጥያቄዎ ይህን አስቀድሞ መወሰን የለበትም።

የሌሊት ተረኛ፦

ይህን ካነበብኩ በኋላ ለረጅም ጊዜ ቁጭ ብዬ አሰብኩ። እንዲህ አስተካክዬዋለሁ፦ «ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው አዋቂ ታማሚዎች ሌሊት ላይ ሕመማቸውን በምን ቃልና በምን ሁኔታ ይገልጻሉ፤ ነርሶችስ የሰሙትን ወደ መዝገብ የሚያሻግሩት እንዴት ነው?» ነርሶች የሚለው ሲገባ እኔም በጥናቱ ውስጥ እንደገባሁ ተረድቻለሁ። ደብዳቤውን ነገ ጠዋት ከተራ ስወጣ እልካለሁ።